ለነቀዝ ጨረር፦ ከሐምዳይት እስከ ፖርት ሱዳን

ሐምዳይት ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ኤርትራ በሚገናኙበት ጥግ፣ ተከዜ ሰቲት ተብሎ ወደ ሱዳን በሚዘልቅበት ወንዝ ዳር የተቀመጠች ትንሽ መንደር ናት። ብዙው ኢትዮጵያዊ ስሟን የሰማው በ2013 ዓ.ም. ኅዳር፣ ከትግራዩ ጦርነት የሸሹ ሰዎች ወንዙን እየተሻገሩ በገቡባት ጊዜ ነው። ከስደቱ በፊትም ሆነ በኋላ ግን ከዚህች መንደር እስከ ገዳሪፍ፣ በዚህኛው ወገን ደግሞ ከሁመራ እስከ መተማ ያለው አገር የሚኖረው በደረቅ ነገር ነው። ማሽላውና ሰሊጡ ይቅደሙ። ከዚያ ከሰሜን ሱዳን የዓባይ ዳር የሚመጣው ደረቅ ተምር አለ፤ ከቆላው ዛፍ የሚለቀመው ቁርቁራ፣ በደኖ፣ ሁመርና ሱዳኖች ጎንጎሌስ የሚሉት የባኦባብ ፍሬ አለ፤ ከርከዴ አለ፤ ደርቆ ተፈጭቶ ወይካ የሚባለው ባሚያም አለ። እነዚህን ሁሉ ፀሐይ ከሻጋታና ከመበስበስ ታድናቸዋለች፤ ከነፍሳት ግን አታድናቸውም። በመጋዘን የሚራባው ብልና ቀይዋ የዱቄት ጥንዚዛ በዚያ አገር ሙቀት ከእንቁላል ተነስተው እንደገና እንቁላል ለመጣል አንድ ወር ገደማ ይበቃቸዋል። በጥቅምት ጥቂት እንቁላል ይዞ መጋዘን የገባ ጆንያ በየካቲት ሲከፈት ምን እንደሚገኝበት ለአካባቢው ነጋዴ መንገር አያስፈልግም።

ለዚህ ችግር በዓለም ላይ ከተሞከሩት መፍትሔዎች አንዱ በደረቀው ፍሬ ላይ ጨረር ማሳለፍ ነው። ሐሳቡ ሲነሳ ሁለት ዓይነት ሰው ይነሣል። አንዱ ጨረር የሚለውን ቃል ሲሰማ ቦምብ ይታየዋል፤ ሌላው በአንድ መሣሪያ ነቀዝ የሚባል ነገር ታሪክ ሊሆን ነው ብሎ ያስባል። ሁለቱም የሚከራከሩት በሌለ ጥያቄ ላይ ይመስለኛል። ጨረር ነቀዝን ያሸንፋል ወይ፣ ሰውንስ ይጎዳል ወይ የሚለው ክርክር ከአርባ ዓመት በፊት በአብዛኛው ተዘግቷል። ለምሥራቅ ሱዳንና ለሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ክፍት ሆኖ የቆየው ጨረሩ በምርቱ ጉዞ የትኛው ቦታ ላይ ይግባ የሚለው ነው። ማስረጃው የሚመራኝ ወደ አንድ መልስ ነው፦ ጨረር ቦታው የጉዞው መጨረሻ፣ ምርቱ ተለቅሞ፣ ደርቆና ታሽጎ ለመርከብ ሲሰናዳ ነው። ከዚያ በፊት ባለው መንገድ ሁሉ ከእሱ የሚሻሉና የሚረክሱ ነገሮች አሉ። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከአሠራሩ እንነሣ። በ1916 ራነር የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ በትምባሆ ጥንዚዛ ላይ ኤክስሬይ አሳልፎ ነፍሳቱ መራባት እንደተሳናቸው ጻፈ። ዛሬ የምንሠራበት መርህ ከዚያ ብዙም አልራቀም። ጨረር ክፉኛ የሚጎዳው በፍጥነት የሚከፋፈልን ሕዋስ ነው፤ በነፍሳት ላይ ይህ ማለት እንቁላል፣ ገና የሚያድግ ትልና የአዋቂው የመራቢያ አካል ነው። ደረቅ ፍሬ ደግሞ የሚከፋፈል ሕዋስ የለውም። ነፍሱን የሚያመክን መጠን ፍሬውን ሳይነካ የሚያልፈው በዚህ ልዩነት ነው። መለኪያው ግሬይ ይባላል፤ አንድ ግሬይ በአንድ ኪሎ ምርት ላይ ያረፈ አንድ ጁል ጉልበት ነው። የመጋዘን ጥንዚዛዎች በአብዛኛው በ200 ግሬይ ውስጥ ይመክናሉ። ብሎች ጠንከር ይላሉ፤ በተለይ ወንዶቹን ሙሉ በሙሉ ለማምከን ከዚያ ከፍ ማለት ግድ ነው። ሕንድ ለዘቢብ፣ ለበለስና ለደረቀ ተምር የፈቀደችው ከ0.25 እስከ 0.75 ኪሎ ግሬይ፣ አሜሪካ ደግሞ በ1986 ለነፍሳት መከላከያ የደነገገችው ጣሪያ 1 ኪሎ ግሬይ መሆኑ ከዚህ ጋር ይገጥማል። ኢትዮጵያም ለዚህ ዕውቀት ባዳ አይደለችም፤ በ2007 ሥራ የጀመረው የቃሊቲው ማዕከል የገንዲ በሽታ የሚያስተላልፈውን የቆላ ዝንብ እያራባ፣ ወንዶቹን በጨረር እያመከነ በደቡብ ስምጥ ሸለቆ እንዲለቀቁ ሲያደርግ ኖሯል። እዚያ የመከነው ዝንብ ይፈለጋል፣ እዚህ የመከነው ነቀዝ አይፈለግም፤ በነፍሳቱ ላይ የሚሠራው ነገር ግን አንድ ነው።

ደኅንነቱን በተመለከተ የሚነሣው ስጋት ሁለት ነገሮችን ከማደባለቅ ይመጣል። በራጅ የታየ ሰው ከክፍሉ ሲወጣ ጨረር ይዞ እንደማይወጣ ሁሉ፣ የኮባልት 60 ጨረር ወይም ከ10 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ያልበለጠ የኤሌክትሮን ጨረር ያለፈበት ተምርም ጨረር አመንጪ አይሆንም፤ ጉልበቱ የአቶምን እምብርት ለመለወጥ የሚበቃ አይደለምና። የዓለም የእርሻና የምግብ ድርጅት፣ የዓለም የጤና ድርጅትና ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ በጋራ ያቋቋሙት የባለሙያዎች ጉባኤ በ1980 በደረሰበት ድምዳሜ እስከ 10 ኪሎ ግሬይ አማካይ መጠን የተቀበለ ምግብ የመመረዝ አደጋ የለውም። የዓለም የምግብ ደረጃ የሆነው ኮዴክስ በ1983 ይህን መሠረት አድርጎ መስፈርት አወጣ፤ በ2003 አሻሻለው። ለነቀዝ የሚያስፈልገው ከዚያ ጣሪያ ከአሥር እጅ አንዱ እንኳ አይሞላም። ሙቀት ይጨምራል ለሚል ደግሞ፣ 10 ኪሎ ግሬይ ያረፈበት ውኃ እንኳ የሚሞቀው በ2.4 ዲግሪ ነው፤ በ0.5 ኪሎ ግሬይ የሐምዳይት ጥላ ከጨረሩ ይልቅ ተምሩን ያሞቀዋል።

የጥራቱ ነገር ግን በአንድ ዐረፍተ ነገር የሚታለፍ አይደለም። በደረቅ ተምር ላይ ኢራቅ በ1970ዎቹና በ80ዎቹ ብዙ ጥናት አካሂዳለች፤ ሌሎችም ተከትለዋል። እስከ 1 ኪሎ ግሬይ ባለው መጠን ስኳሩ፣ ቀለሙና ጣዕሙ ሰው በሚያስተውለው ደረጃ አይለወጥም። ውኃ የበዛበት ምግብ በጨረር ይበልጥ ይነካል፤ የደረቀው ግን በውስጡ ለለውጥ የሚሆን ነፃ ውኃ ስለሌለው ይቋቋማል። ቫይታሚን ሲ ጥቂት ይቀንሳል፤ የባኦባብን ፍሬ ለዚህ ቫይታሚን ብሎ የሚሸጥ ነጋዴ ካለ ይህን አስቀድሞ ማስመርመር ይኖርበታል። ዘይት ያዘለው ምርት ዋናው አሳሳቢ ነው። ጨረር ስብን ከአየር ጋር የማጣላት ጠባይ ስላለው ለውዝና መሰሎቹ መጠኑ ሲበዛ መሽተት ይጀምራሉ። ሰሊጥ ሰሳሞልና ሰሳሞሊን የሚባሉ የራሱ መከላከያዎች ስላሉት ከብዙዎቹ የቅባት እህሎች ይበልጥ ይታገሳል፤ ይሁንና የሁመራ ሰሊጥ ገበያ ያገኘው በነጭ ቀለሙና በንጹሕ ጣዕሙ ስለሆነ መጠኑን ያለ ልክ መጨመር ያስቀጣል። እዚህ ላይ መሣሪያው ራሱ ያመጣው ችግር አለ። ጨረር ከጆንያው ቆዳ ወደ መሐል ሲገባ እየደከመ ይሄዳል። መሐሉ 0.4 ኪሎ ግሬይ እንዲያገኝ ከተፈለገ ዳሩ 0.8 ወይም ከዚያ በላይ ሊቀበል ይችላል። ስለዚህ ጥሩ የጨረር ማዕከል ከመጥፎው የሚለየው በትንሹና በትልቁ መጠን መካከል ያለውን ርቀት በማጥበቡ ነው፤ ይህ ደግሞ የማሸጊያውን ስፋትና የጭነቱን አቀማመጥ ይጠይቃል። መቶ ኪሎ የሚይዝ የሰሊጥ ኩንታልና አምስት ኪሎ የሚይዝ የተምር ካርቶን በአንድ መስመር በአንድ ልክ ሊታከሙ አይችሉም።

ከጥራት ሳልወጣ ገበሬውን የሚመለከት አንድ ነገር ላክል። ነፍሱን የሚያመክነው መጠን የዘርንም ቡቃያ ያደክማል ወይም ይገድላል። ለምግብ የሚሄድ ሰሊጥና ማሽላ ላይ ይህ ምንም አይደለም፤ ለዘር የተቀመጠው ግን በስህተት በጨረር ካለፈ የሚቀጥለው ክረምት ማሳ ባዶ ይቀራል። በዚህ አካባቢ የዘሩና የሚሸጠው እህል አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ክምር የሚወጡ ናቸው። በየመንደሩ የሚዞር የጨረር መሣሪያ ቢኖር ጥሩ ነበር የሚለውን ምኞት ለማፍረስ ይህ ብቻውን ይበቃል።

ታዲያ በጋዝ ማጠን እያለ ይህ ሁሉ ልፋት ለምን ይባላል። ይህ ከመቃወሚያዎቹ ሁሉ ብርቱው ነው። ለብዙ አሥርት ዓመታት ደረቅ ፍሬ የሚታጠነው በሜቲል ብሮማይድ ነበር። ይህ ጋዝ ኦዞንን እንደሚያሳሳ ታውቆ በ1992 በሞንትሪያል ውል ውስጥ ገባ፤ ያደጉት አገሮች በ2005፣ እንደ ሱዳንና ኢትዮጵያ ያሉት ደግሞ በ2015 ከኳራንቲንና ከመርከብ በፊት ከሚደረግ ሕክምና በስተቀር አገልግሎቱን እንዲያቆሙ ተወሰነ። የቀረው ፎስፊን ነው፤ በየገበያው የነቀዝ መድኃኒት ተብሎ በክኒን የሚሸጠው። ርካሽ ነው፣ ማሽን አይፈልግም፣ ሸራ ያለው ሁሉ ይጠቀምበታል። በዋጋ ከተሄደ ጨረር ከዚህ ጋር አይወዳደርም፤ ይህን መካድ አያስፈልግም። ነገር ግን ፎስፊን የሚሠራው ሸራው ሳይተነፍስ ለቀናት ከታሸገ ብቻ ነው። ጋዙ ሲያመልጥ የሚተርፉት ጠንካሮቹ ነፍሳት ናቸው፤ የዓለም የእርሻና የምግብ ድርጅት በ1972 እና 73 ባካሄደው ዳሰሳ ፎስፊንን የለመዱ የመጋዘን ነፍሳት በብዙ አገሮች ተገኝተዋል፤ ከዚያ ወዲህ ነገሩ ብሷል። ከሁሉ የሚከፋው የሰው ሕይወት ነው። እህልና ቤተሰብ በአንድ ክፍል በሚያድሩበት ቤት፣ በመጠለያ ጣቢያ ድንኳን ደግሞ ይበልጡን፣ ያ ክኒን ነቀዙን ከሰው አይለይም።

ሦስተኛው ጋዝ ኤቲሊን ኦክሳይድ ለሰሊጥ ነጋዴ የታወቀ ስም ነው። ከ2020 መስከረም ጀምሮ ከሕንድ ወደ አውሮፓ የገባ ሰሊጥ የዚህ ጋዝ ቅሪት ተገኝቶበት ሰሊጥ ያለባቸው ምግቦች ከብዙ አገሮች መደርደሪያ ተሰብስበዋል። እርግጥ ነው ጋዙ የሚጨመረው በነቀዝ ሳይሆን በሳልሞኔላ የተነሣ ነው። ቢሆንም ትምህርቱ ለዚህም ይሠራል፦ በምርት ላይ ቅሪት የሚጥል ሕክምና ገዥው የፈለገ ዕለት ሊያስመልሰው ይችላል። ጨረር ምንም ቅሪት አይተውም።

ቅሪት አለመተዉ ግን ድክመቱም ነው። ከማዕከሉ የወጣው ተምር በማግሥቱ ቀዳዳ ባለው ማዳበሪያ ተቀምጦ አጠገቡ ብል ካለ፣ ያልታከመን ያህል ይወረራል። ነቀዞቹም በዕለቱ አይሞቱም፤ መክነው፣ መብላት አቁመው ለሳምንታት ይንቀሳቀሳሉ። ካርቶን ከፍቶ የሚሄድ ትል ያየ ገዥ «ይህ መክኗል» ቢሉት አይሰማም። ዓለም አቀፉ የዕፅዋት ጥበቃ ስምምነት በ2003 ባወጣው መመሪያ የሕክምናው ውጤት ሞት ብቻ እንዳልሆነ፣ መካንነትም እንደሚበቃ ስለተቀበለ መርማሪው ቢስማማም፣ ሸማቹ ግን መመሪያ አያነብም። የሞተው ነቀዝ አካል፣ ቆሻሻውና የበላው ቀዳዳም በጨረር አይጠፉም። በሌላ አነጋገር ጨረር የተበላሸን አያድስም፤ ጥሩውን ባለበት ያቆየዋል እንጂ።

ስለዚህ ዋናው ሥራ ያለው ከጨረሩ በፊት ባለው ጎዳና ነው። ሰሊጥ ታጭዶ ሂላ በሚባለው ክምር ሲደርቅ፣ ገና ሳይወቃ፣ ትኋን የመሰለ ነፍስ ተሰግስጎበት ዘይቱን ይመጥጣል፤ ፍሬው ይጠወልጋል፣ ዘይቱ ይመርራል። በዚህ ደረጃ የደረሰን ጉዳት የትኛውም መሣሪያ አይመልሰውም። ሁመርና ለውዝን የምታጠቃው ጥንዚዛም እንቁላሏን የምትጥለው በዛፉ ላይ ባለ ወይም መሬት ላይ በተሰጣ ፍሬ ላይ ነው። ማሽላ በገዳሪፍ በኩል መጥሞራ በሚሉት ጉድጓድ፣ በምሥራቅ ኢትዮጵያም በኩል በጉድጓድ ሲቀመጥ የኖረው አየር ሲታጣ ነቀዝ እንደሚታፈን አባቶች በልምድ ስላወቁ ነው፤ እርጥበት ካልገባ ዘዴው ይሠራል። ያንኑ ሐሳብ በፕላስቲክ ያመጣው ፒክስ የሚባለው ሦስት ሽፋን ከረጢት ነው፤ በ1980ዎቹ መጨረሻ ካሜሩን ውስጥ ለአደንጓሬ ተብሎ የተሠራ፣ ዛሬ በኢትዮጵያም የሚሸጥ። ለአንድ ቤተሰብ ወይም ለአነስተኛ ነጋዴ ሦስት ኩንታል ማሽላ፣ ከዚህ ከረጢት ጋር የሚወዳደር የጨረር ማዕከል በዓለም ላይ የለም፤ ሊኖርም አይገባም።

ጨረሩ ቦታ የሚያገኘው ከዚህ ቀጥሎ ነው፤ ምርት ተሰብስቦ በብዙ ቶን ወደ ወደብ በሚጓዝበት፣ ገዥውም የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት በሚጠይቅበት። በሐሳብ ደረጃ ሒሳቡ ቀላል ነው። 0.5 ኪሎ ግሬይ ማለት ለአንድ ኪሎ ምርት ግማሽ ኪሎ ጁል ነው። አንድ ኪሎ ዋት የጨረር ጉልበት ምንም ሳይባክን ቢያርፍ በሰዓት 7.2 ቶን ያክማል፤ ሲሶው ብቻ ቢያርፍ 2.4 ቶን። ስለዚህ የአሥር ኪሎ ዋት መሣሪያ እንኳ በሰዓት ከ20 ቶን በላይ ይሄዳል። ይህ ፍጥነት ለሐምዳይት ገበያ እጅግ ብዙ ነው፤ ለፖርት ሱዳን ግን ልክ ነው። በ1980 በኦዴሳ ወደብ የእህል ማማ ላይ ሶቪየቶች የተከሉት የኤሌክትሮን መሣሪያ ይህን በተግባር አሳይቷል፦ ሁለት መስመሮች፣ እያንዳንዳቸው በሰዓት 200 ቶን፣ እህሉ በስስ ንጣፍ እየፈሰሰ። ገዳሪፍም በ1960ዎቹ የተሠራ የሶቪየት እህል ማማ አላት፤ የሁለቱን ማማዎች ዕጣ ፈንታ ማነፃፀር የሚያጓጓ ነው፣ ግን ኦዴሳ ወደብ ነበረች፣ ገዳሪፍ ደግሞ ከወደብ የራቀች የእህል አገር ናት።

የጨረሩ ምንጭ ምን ይሁን የሚለው ጥያቄ ደግሞ በዚህ አካባቢ ከሌላው ዓለም የተለየ ክብደት አለው። ኮባልት 60 መብራት ቢጠፋም ያበራል፤ ለአፍሪካ የተመከረውም በዚህ ነው። ግን በ5.27 ዓመት ግማሹ ያልቃል፣ በየዓመቱ 12 በመቶ ያህል ማሟላት ይጠይቃል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ባለቤቱ ሲሸሽ አብሮ አይሸሽም። በ1987 በብራዚሏ ጎያንያ ከተተወ ክሊኒክ የወጣ የሴዚየም ምንጭ አራት ሰው ገድሏል። በ2020 ሁመራ፣ በ2023 ሚያዝያ ካርቱም በጦርነት ምን እንደገጠማቸው እያወቅን፣ በዚህ ጠረፍ ላይ ጥበቃው በአንድ ሌሊት ሊጠፋ የሚችል የኮባልት ጉድጓድ መቆፈር ኃላፊነት የጎደለው ይመስለኛል። በመብራት የሚሠራ የኤሌክትሮን ወይም የኤክስሬይ መሣሪያ ማብሪያው ሲጠፋ ብረት ብቻ ነው፤ ዘራፊ ቢያፈርሰው የሚጎዳው ንብረቱ ነው። ጉድለቱ መብራት መፈለጉ ነው። ገዳሪፍ በዚህ በኩል ከጎረቤቶቿ ትሻላለች፤ ከ2013 ጀምሮ በመተማ መስመር ከኢትዮጵያ ኃይል ታገኛለች፣ መስመሩ የሚሠራ እስከሆነ ድረስ። የኤሌክትሮን ጨረርም ርቆ አይገባም። 10 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት የሆነው እንኳ ከሁለት ወገን ቢመታ ውኃን የሚያልፈው ስምንት ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የተምር ካርቶን ለዚህ ይመቻል፤ የሰሊጥ ኩንታል ግን ወይ ተዘርግቶ መፍሰስ፣ ወይ ጉልበት በሚያባክነው ኤክስሬይ መታከም ይኖርበታል።

የሰሊጥና የተምር ወቅት ካለፈ በኋላ መሣሪያው ሥራ ፈትቶ ይቆማል የሚለው መቃወሚያ ተገቢ ነው። የተምር ምርት ከነሐሴ ጀምሮ፣ ሰሊጡ ከመስከረም እስከ ኅዳር ነው፤ ቀሪው ዓመት ባዶ ነው። መልሱ ማዕከሉን በአንድ ምርት ስም አለማቋቋም ነው። የከሰላ ሽንኩርት ከታጨደ ብዙም ሳይቆይ ከ0.05 እስከ 0.15 ኪሎ ግሬይ ቢያገኝ አይበቅልም፤ ከርከዴና ቅመማ ቅመም ደግሞ ለጀርም ብዙ ኪሎ ግሬይ ይቀበላሉ። የሆስፒታል መርፌና ጓንት ማምከኛው መጠን 25 ኪሎ ግሬይ ገደማ ስለሆነ ሌላ ፈረቃ ይጠይቃል፤ ቢሆንም አብዛኛው የዓለም የጨረር ማዕከል ገቢውን የሚያገኘው ከዚያ ነው፣ ምግቡ ተደራቢ ሆኖ።

የሚቀረው ገዥው ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ1999 ለመላው ኅብረት የፈቀደው የደረቀ ቅመማ ቅመምን ብቻ ነው፤ ለደረቅ ፍሬ እንደ ፈረንሳይ ያሉ ጥቂት አገሮች በራሳቸው ሕግ ይፈቅዳሉ፣ ምልክት የሌለበት የታከመ ምግብ ከተገኘ ግን ይመለሳል። ስለዚህ ወደ አውሮፓ የሚላክ የሁመራና የገዳሪፍ ሰሊጥ ዛሬ በጨረር መታከሙ ጥቅም የለውም፤ አጠቃላይ ፈቃድ እስኪኖር ንጹሕ አጨዳና አየር የማያስገባ ማሸጊያ ይበልጡታል። የኢትዮጵያን ሰሊጥ በብዛት የምትገዛው ቻይና ግን ለደረቅ ፍሬና ለእህል የጨረር ደረጃ ካወጣች ቆይታለች፤ ሕንድም እንዲሁ። ለዚህ ነው የመጀመሪያው ሙከራ በሰሊጥ ሳይሆን በካርቶን በታሸገ ተምርና በከርከዴ፣ ወደ እስያ ለሚሄድ ጭነት ቢደረግ የሚሻለው፦ መጠኑ ዝቅተኛ ወይም የታወቀ፣ ማሸጊያው ለኤሌክትሮን ጨረር የሚመች፣ ዘርም የማይቀላቀልበት ነው። ሰሊጡ መሣሪያው ወደቡ ላይ ሥራውን ከለመደ፣ የሂላው ትኋንም ማሳው ላይ ከተያዘ በኋላ ይደርሳል።